የባዛር ማርማላታ፣ ቸትኒና ዳጣ፦ በአዲስ አበባ የቤት ውስጥ አምራቾች ሥራ ላይ የቀረበ ግምገማ

ገና፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ በአዲስ አበባ በሚከፈቱት ባዛሮች፣ በልብስና በቤት ዕቃ ድንኳኖች መካከል፣ በገዛ ማዕድ ቤታቸው የሠሩትን ማርማላታ፣ ቸትኒ (በአቼቶና በስኳር የበሰለ የፍራፍሬ ማባያ)፣ ዳጣና አዋዜ በጠርሙስ ደርድረው የሚሸጡ አምራቾችን ማየት የተለመደ ሆኗል። በትምህርት ቤት ግቢዎችና በሆቴል አዳራሾች በሚዘጋጁት አነስተኛ የምግብ ገበያዎችም እነዚሁ ሰዎች አይጠፉም። ይህ ጽሑፍ ከእነርሱ እጅ ገዝቼ በቤቴ የቀመስኳቸውን ምርቶች የሚመዝን ነው። የአምራቾቹን ስም አልጠቅስም፤ ብዙዎቹ በንግዱ ውስጥ ገና እግራቸውን በመትከል ላይ ያሉ ናቸው። የምፈልገው ገዢው ጠርሙሱን አንሥቶ ሲያይ ምን ምን መመልከት እንዳለበት እንዲያውቅ፣ አምራቹም ሥራው የት ላይ እንደሚደክም እንዲረዳ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በፍራፍሬው ጥራት ረገድ እነዚህ ምርቶች በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ከማገኛቸው፣ ከውጭ ከመጡት ማርማላታዎች ይበልጣሉ። የሚያንሱት በአፈላል፣ በአሲድ ልክና በጠርሙስ አያያዝ ነው። ሦስቱም በጥቂት ዕውቀትና በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከሉ ስለሆኑ፣ ዛሬ መካከለኛ የሆነው ምርት በሚቀጥለው በዓል እጅግ ጥሩ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል አምናለሁ።

ስለ አፈላሉ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ከቀመስኳቸው ማርማላታዎች የብዙዎቹ ጉድለት የመጣው ከዚሁ ነውና። ማርማላታ የሚረጋው በፍራፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን የተባለ አርጊ ንጥረ ነገር፣ በቂ አሲድና በቂ ስኳር ሲገናኙ ነው። በውስጡ የሟሟው ስኳር ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 60 እስከ 65 ሲደርስ ከእሳት መውረድ አለበት፤ ኮዴክስ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃም ለማርማላታ ያስቀመጠው መነሻ ይኸው ነው። ስኳሩ ያን ያህል መድረሱን በቤት ውስጥ ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ሙቀቱ ነው፤ ውሃው እየተነነ ስኳሩ በበዛ ቁጥር ድስቱ የሚፈላበት ሙቀት ከተራ ውሃ መፍያ በላይ ከፍ ይላል። ከውጭ አገር የሚመጡት የአሠራር መመሪያዎች «105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት» የሚሉት፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላና ማርማላታ ከዚያ 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ስለሚደርስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ማዕድ ቤት ማርማላታ የሚደርሰው በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እዚያ 98 ወይም 99 ይሆናል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ቴርሞሜትሩ 105 እስኪያሳይ የሚጠብቅ ሰው ስኳሩን ከመቶ 80 በላይ አድርሶታል ማለት ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀርለትም ቀለሙ የጠቆረ፣ ማንኪያ የማያስገባ፣ የፍራፍሬው መዓዛ ከእንፋሎቱ ጋር የሄደበት ነገር ነው።

ይህን ልዩነት በሁለት የእንጆሪ ማርማላታዎች ላይ ጎን ለጎን አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ክዳኑ ሲከፈት የሚመጣው ሽታ የካራሜል እንጂ የእንጆሪ አይደለም። ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡናማ የቀረበ ሲሆን፣ ዳቦ ላይ ለመቀባት ሲሞከር የዳቦውን ልብ ይዞ ይነሣል፤ ሲታኘክም ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጠርሙሱ ጠርዝ ላይ አሸዋ የመሰለ የስኳር ቅንጣት መሥራት ጀመረ፤ ይህም ስኳሩ ከልክ በላይ እንደበዛና አሲዱ እንዳነሰ ያመለክታል። ሁለተኛው ጠርሙስ ብርሃን ላይ ሲያዝ ቀይነቱ ይታያል፤ ግማሽ ግማሽ ሆነው የቀሩ ፍሬዎች በውስጡ አሉ፤ ማንኪያው ሲዘነበል ሳይፈስስ፣ ሳይቆረጥም፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጣፋጭነቱ መጀመሪያ ይመጣና ኮምጠጥ ያለው የእንጆሪው ጣዕም ተከትሎት አፍ ውስጥ ይቆያል።

ሁለተኛውን የሠሩት በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው። «እናቴ፣ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ትንሽ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ከድስቱ ጠብ አድርጌበት በጣቴ ስገፋው ከተጨማደደ ደርሷል፣ ካልተጨማደደ ገና ነው። በዲግሪ አልሠራም፤ ልጄ ያመጣችልኝ ዲግሪ ማርማላታዬን ከረሜላ አድርጎብኝ ነበር» አሉኝ። የቀዝቃዛው ሳህን ዘዴ በየትኛውም ከፍታ ላይ ስለሚሠራ፣ ቴርሞሜትር ለሌለውም ሆነ ላለው አምራች እጅግ አስተማማኝ መለኪያ ነው። እኚሁ እናት እንጆሪ በተፈጥሮው ፔክቲን የሚያንሰው ፍሬ መሆኑን ከልምድ ስላወቁ፣ ከጨንቻ የሚመጣ ፖም ከነልጣጩ ፍቀው ይጨምሩበታል፤ ሎሚም ይጨምቁበታል። በጋሞ ደጋ የሚበቅለው የጨንቻ ፖም ጠንከርና ኮምጠጥ ያለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። የፖሙ ጣዕም በማርማላታው ውስጥ ተለይቶ አይታወቅም፤ የሚታወቀው አረጋጉ ነው።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን የዘይቱና ማርማላታ ነው። ዘይቱና ፔክቲን በብዛት ያለው ፍሬ ስለሆነ ብዙ ሳይፈላ ይረጋል፤ ብዙ ሳይፈላ መርጋቱም መዓዛውን ያድንለታል። የገዛሁት ጠርሙስ ፍሬው በወንፊት ታልፎ ዘሩ በጥንቃቄ የወጣለት፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ሲቀባ የሚንሸራተት ነበር። ከሌላ ድንኳን የገዛሁት የዘይቱና ማርማላታ በጣዕሙ የማይተናነስ ሆኖ ሳለ፣ ዘሩ ስላልተጣራ በእያንዳንዱ ጉርሻ ጥርስ ስር ይቆረጠማል። ማጣራት አድካሚና ጊዜ የሚወስድ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ገዢ ተመልሶ የሚመጣው ግን በዚያ ድካም ምክንያት ነው።

ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ ያገኘሁት ደግሞ የኮሽም ማርማላታ ነው። ብዙዎቻችን ኮሽምን የምናውቀው እሾሃማ አጥር አድርገን ነው፤ ፍሬው ሲበስል ልጆች ለቅመው ይበሉታል እንጂ ወደ ድስት ሲገባ አይታይም። ኮምጣጣነቱ ኃይለኛ በመሆኑ ሎሚ ሳይጨመርበት ይረጋል፤ ስኳሩም ሲገባበት ብርቱካንማ ቀለምና ጥሬ ፍሬው ላይ የማይገኝ ንጹሕ ጣዕም ይወጣዋል። ዱቄት ፔክቲን ከውጭ እያስመጡ በሚሠሩት ድንኳኖች አጠገብ ይህን ፍሬ አንድ አምራች ብቻ ይዛው መገኘቷ አሳዝኖኛል። በመርቲ የብርቱካን ማርማላታ ያደገ ሰው መራራና ኮምጠጥ ያለ ጣዕም አዲስ አይሆንበትም፤ ስለዚህ ኮሽም ገዢ የማያጣ ይመስለኛል።

የፓፓያ ማርማላታዎቹ በአንጻሩ ደካሞች ናቸው። ፓፓያ አሲዱ በጣም አነስተኛ የሆነ ፍሬ ስለሆነ፣ ሎሚ በበቂ ካልተጨመረበት ጣዕሙ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አረጋጉም ይላላል። ደኅንነቱም ያሳስባል። ጎጂ ተህዋስያን፣ በተለይም ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ፣ አየር በማይገባበት ጠርሙስ ውስጥ እንዳይራባ የሚከለክለው ዋናው ነገር አሲድ ነው፤ የፒኤች ልኩ (አሲዱ በበዛ ቁጥር ዝቅ የሚለው የአሲድ መለኪያ) ከ4.6 በታች መሆን አለበት። የስኳሩ ብዛት ለማርማላታ ተጨማሪ መከላከያ ቢሆነውም፣ ስኳር ቀንሰው «ለጤና ተስማሚ» ብለው የሚሸጡት የፓፓያ ጠርሙሶች አሲዱም ስኳሩም ያነሰባቸው ስለሆኑ ከፍሪጅ ውጪ መቀመጥ የለባቸውም። ከዚህ ዓይነት አንዱ ክዳኑ ስር ሻጋታ ይዞ አግኝቼው ጥዬዋለሁ። ዝንጅብልና ብዙ ሎሚ የገባበት አንድ የፓፓያ ማርማላታ ግን ጥሩ ነበር፤ በተለይ ከእርጎ ጋር።

የማንጎ ማርማላታ ላይ ብዙ አልቆይም። ክር የበዛበት የማንጎ ዓይነት ሳይጣራ ከተሠራ አፍ ውስጥ ደስ አይልም፤ የበሰለው ማንጎም ብቻውን ሲፈላ ጣዕሙ ይደበዝዛል። ማንጎ የሚያምርበት ቸትኒ ሲሆን ነው።

ቸትኒ ከህንድ የመጣ ምግብ ሲሆን፣ በጠርሙስ የሚቀመጠው ዓይነት ደግሞ እንግሊዞች ከህንድ ወስደው በአቼቶና በስኳር አብዝተው ያበሰሉት ነው። ፍራፍሬ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ዘቢብ፣ ስኳር፣ አቼቶና ቅመም በቀስታ እሳት ላይ ለረጅም ጊዜ ይበስላሉ። ለእኛ አገር ገዢ አዲስ ቢመስልም አፍ የሚለምደው ነገር ነው፤ ቅመሙ ከጓዳችን የወጣ ነውና። ከሞከርኳቸው ውስጥ የመጀመሪያውን ደረጃ የምሰጠው ገና ካልበሰለ ማንጎ ለተሠራው ቸትኒ ነው። ማንጎው ቁራጩ ሳይፈርስ በስሏል፤ ኮረሪማው በርቀት ይሸታል፤ ጥቁር አዝሙዱ አልፎ አልፎ ጥርስ ስር ይገኛል፤ ሚጥሚጣው መጨረሻ ላይ መጥቶ ጉሮሮን ያሞቃል። ከዶሮ አሮስቶ ጋር፣ ከጥብስ ጋር፣ በጾም ወቅት ደግሞ ከምስር ሳምቡሳ ጋር በልቼው በሁሉም ተስማምቶኛል። ከአይብ ጋርም ቢሆን መልካም ነው፤ የአይቡ ለስላሳነት የቸትኒውን ጠንካራ ጣዕም ያበርደዋል።

የፖም ቸትኒውም በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ስከፍተው የአቼቶው ሽታ አፍንጫ የሚወጋ ሆኖ አገኘሁት። ይህ የአምራቿ የእጅ ጉድለት አይደለም፤ ቸትኒው ለገበያ የወጣው ያለ ጊዜው ስለሆነ ነው። ቸትኒ እንደተሠራ የሚበላ ምግብ አይደለም፤ አቼቶው ከስኳሩና ከቅመሙ ጋር ተዋሕዶ እንዲለሰልስ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ያንኑ ጠርሙስ ዘግቼ ከወር በላይ አቆይቼ ስከፍተው ሌላ ምግብ ሆኖ አገኘሁት፤ የሽንኩርቱ ጣፋጭነት ወጥቷል፣ የቀረፋውና የቅርንፉዱ ጣዕም ተለይቶ ይታወቃል፣ አቼቶውም ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስለዚህ ለገና ባዛር ቸትኒ የሚያዘጋጅ ሰው በጥቅምት ማብሰል አለበት። ሽያጩ ቸኩሎ ከመጣ ደግሞ «ከዚህ ቀን በኋላ ቢከፈት ይሻላል» የሚል ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ መለጠፍ ገዢውንም አምራቹንም ይጠቅማል።

ከሌላ ድንኳን የገዛሁት የማንጎ ቸትኒ ደግሞ የብረት ጣዕም ነበረው። አቼቶና ኮምጣጣ ፍሬ በአሉሚኒየም ድስት ለሰዓታት ሲበስሉ ከብረቱ ጋር ስለሚገናኙ ይህ ጣዕም ይፈጠራል፤ በየቤታችን ያለው ትልቅ ድስት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ለሽያጭ የሚያበስል ሰው አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ቢኖር ታችኛው ክፍሉ ወፈር ያለ የስቴይንለስ ስቲል ድስት ነው። ውድ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ለዓመታት ግን ያገለግላል፤ የታችኛው ክፍሉ መወፈርም ማርማላታው እንዳያርር ያደርጋል።

ወደ ዳጣና አዋዜ ስመጣ ጣዕሙን በተመለከተ የምለው ምስጋና ብቻ ነው። ከደቡብ አካባቢዎቻችን የመጣው ዳጣ በእነዚህ ባዛሮች አረንጓዴም ቀይም ሆኖ ይቀርባል። የወደድኩት አረንጓዴው ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ድንብላሉና በሶብላው በድንጋይ ተፈጭተው ሸካራ የተደረጉበት ነው፤ በማሽን ልሞ ወጥ የመሰለው ዓይነት የቅመሞቹን ልዩነት ያጠፋዋል። ከቁርጥ ጋር፣ ከቆጮ ጋር፣ ከተቀቀለ ድንች ጋር እንኳ ማዕዱን ያደምቀዋል። አዋዜዎቹ ሁሉም ደኅና ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በበርበሬው ነው።

ነገር ግን ዳጣ ላይ ያለኝ ሥጋት ከሁሉም ምርቶች የሚበልጥ ነው። ማርማላታ በስኳር፣ ቸትኒ በአቼቶ ይጠበቃል፤ ጥሬው ዳጣ ግን ብዙ ጊዜ ጨው ብቻ ነው ያለው። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አሲዳቸው ዝቅተኛ ነው፤ ከላይ ዘይት ሲፈስባቸው ደግሞ አየር ያጣሉ፤ ቀደም ሲል የጠቀስኩት ባክቴሪያ የሚመቸው ይህ ዓይነት ሁኔታ ነው። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ከፍሪጅ ውጪ ማስቀመጥ የሚከለከለውም ለዚህ ነው። በባዛሩ ላይ ዳጣው ከጠዋት እስከ ማታ በፀሐይ ላይ ተደርድሮ ሲውል አይቻለሁ። በበረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ገዢ ሲመጣ ብቻ የምታወጣ አንዲት አምራች ነበረች፤ ከእርሷ ለመግዛት ሌላ ምክንያት አላስፈለገኝም። የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ በበቂ መጠን መጨመር፣ አሲዱንም በፒኤች መለኪያ ወረቀት እያረጋገጡ ከ4.6 በታች ማድረግ የጣዕሙን ባሕርይ ብዙ ሳይለውጥ ሥጋቱን ይቀንሰዋል፤ ቅዝቃዜው ግን ያኔም ቢሆን መቅረት የለበትም።

ስለ ጠርሙሱ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። አዲስ የብርጭቆ ጠርሙስ ከነክዳኑ በጥቂቱ ገዝቶ ማግኘት ለአነስተኛ አምራች አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ የማዮኔዝ፣ የወይራና የማር ጠርሙሶችን ሰብስበው ያጥባሉ። ብርጭቆው በደንብ ከታጠበና ከተቀቀለ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ክዳኑ ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያለው ለስላሳ ቅብ አንድ ጊዜ ተጨንቆ ከታሸገ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ በእርግጠኝነት አየር አይዘጋም፤ የቀድሞውንም ምግብ ሽታ ይይዛል። አንድ የኮክ ማርማላታ ስከፍት የወይራ ሽታ ቀድሞ መጣብኝ፤ ማርማላታው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከዚያ በኋላ ማጣጣም አልተቻለም። ብርጭቆውን መልሶ መጠቀም ግድ ከሆነ ክዳኑን ብቻ አዲስ መግዛት ይገባል። ገዢም ጠርሙሱን ሲያነሣ የክዳኑን መሐል በጣቱ ይጫን፤ ቲክ የሚል ድምፅ አሰምቶ ወደ ላይ የሚመለስ ከሆነ አልታሸገም ማለት ነው።

ከፍታው እዚህም ላይ ይመጣል። ማርማላታው ከ85 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ በሞቀ ጠርሙስ ውስጥ ተሞልቶ ከተከደነ በኋላ፣ ጠርሙሱን በሚፈላ ውሃ ውስጥ አጥልቆ ማቆየት ጥሩ ልማድ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር መመሪያ በዝቅተኛ ቦታ ለማርማላታ 5 ደቂቃ ይበቃል ሲል፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ለሚገኝ ቦታ ግን 15 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ውሃችን የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለሆነ የጎደለው ሙቀት በጊዜ መካካስ አለበት። ቀሪውን የአገራችንን ደጋ ከተሞች በተመለከተም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው።

በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ሥዕሉ ያማረ፣ ይዘቱ የጎደለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሦስት ነገሮች በተለይ ይታረሙ። የመጀመሪያው ቀኑ ነው፤ «05/17» ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ጥር 2017 ዓ.ም. ብሎ ያነባል፣ ሌላው ሜይ 2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብሎ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ያለፉት ዕቃ ነው ይላል። የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለት ብቻ ይህን ሁሉ ግራ መጋባት ያስቀራል። ሁለተኛው የንጥረ ነገሩ ዝርዝር ነው፤ «ፍራፍሬ፣ ስኳር፣ ማርጊያ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አንዷ ሻጭ ማርጊያው ምን እንደሆነ ስጠይቃት ጄላቲን መሆኑን ሳትደብቅ ነግራኛለች። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ማርማላታን በጾም ቅቤን ተክቶ ዳቦ ላይ የሚቀባ ክርስቲያንም ሆነ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ማወቅ ያለበት ሙስሊም ገዢ ይህን ሳያውቅ ሊገዛ አይገባም። ፔክቲን ግን ከፖምና ከብርቱካን ዘመዶች ልጣጭ የሚወጣ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል። ሦስተኛው የአምራቹ አድራሻ ነው፤ ምርቱን ወዶ ባዛሩ ከተዘጋ በኋላ መልሶ መግዛት የሚፈልግ ሰው የሚደውልበት ስልክ ያጣባቸው ጠርሙሶች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የምግብ ደኅንነትንና የገላጭ ጽሑፍን ጉዳይ የሚመለከት ሕግ ስለሆነ፣ ከባዛር አልፎ ወደ ሱፐርማርኬት መግባት የሚያስብ አምራች ከአሁኑ አንብቦት ቢዘጋጅ መንገዱ ይቀልለታል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የቤት ማርማላታ ከውጭ ከመጣው ጋር የሚቀራረብ፣ አንዳንዴም ከፍ የሚል ዋጋ ይጠየቅበታል። ይህ የሚያስከፋቸው ገዢዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ። አንድ ኪሎ ፍራፍሬ ተልጦ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ ውሃው ተንኖ የሚቀረው ያነሰ ነው፤ ስኳሩ፣ ጋዙ ወይም መብራቱ፣ ጠርሙሱና የድንኳኑ ኪራይ ሲደመሩ ለአምራቿ የሚተርፋት ጥቂት ነው። ቅር የሚለኝ የዋጋው መጠን ሳይሆን አነስተኛ ጠርሙስ አለመኖሩ ነው። ኮሽምን ወይም ቸትኒን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ግማሽ ኪሎ ለመግዛት ይፈራል፤ 100 ግራም የሚይዝ ጠርሙስ ቢኖር ብዙ ሰው ሞክሮ ይመለስ ነበር። መቅመሻውም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ማንኪያ ሊኖረው ይገባል፤ አንድ ማንኪያ ከአፍ ወደ ጠርሙስ ሲመላለስ ያየሁበት ድንኳን ላይ ከመግዛት ተቆጥቤአለሁ።

ለመጪው በዓል ባዛር ስሄድ የዘይቱናውን፣ የኮሽሙንና የጥሬ ማንጎውን ቸትኒ አስቀድሜ እፈልጋለሁ። የገዛ ሰው ማርማላታውን ከከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ በንጹሕና በደረቅ ማንኪያ እየቀዳ በወር ውስጥ ቢጨርሰው፣ ቸትኒውን ሳይከፍት ለወራት ቢያቆየው፣ ዳጣውን ግን ከበረዶ ሳጥን ከሚያወጣው ሻጭ ብቻ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ፍሪጅ ቢያስገባና በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢበላው ይመረጣል።